አደይ አበባ ስንት ቅጠል አላት?

ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ የሰፈራችን ልጆች ለእንቁጣጣሽ የሣሉትን ሥዕል እንድዳኝ ተጠርቼ ነበር። አንዲት ጎረቤታችን ሳሎናቸውን ለቀቁልን፣ ቡናም አፈሉልን። እኔና ሌሎች ሁለት ዳኞች ጠረጴዛውን ከብበን ተቀመጥን። ሰላሳ ያህል ወረቀት ቀርቦልናል። ከአንዱ በቀር ሁሉም ላይ አደይ አበባ አለች። አንዱ ልጅ አምስት ቅጠል ሰጥቷታል፣ ሌላው ስድስት፣ አንዲቱ አሥራ ሁለት። ከአበባዋ ጀርባ ሁለት ሹል ተራሮች፣ በመሃላቸው ፀሐይ፣ ከታች ጎጆ ቤት፣ ከጎጆው ፊት ለፊት ወንዝ። እኔም በልጅነቴ የሣልኩት ይህንኑ ነበር፤ ታላላቆቼም እንዲሁ። ተራራውን ከተራራ ሳይሆን ካለፈው ዓመት ሥዕል ላይ ነበር የምንገለብጠው።

ያ አንዱ ወረቀት ግን እጄን ያዘኝ። የሣለው የአሥር ዓመት ልጅ ነው። ተራራ የለውም፣ ፀሐይም የለውም። ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር የሞላው አንድ የግራዋ ቅጠል ነው። ቅጠሉ ሦስት ቦታ ተበልቷል። በአንደኛው ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ጥፍር የማታህል አረንጓዴ ትል ተጋድማለች፤ ከቅጠሉ ጋር አንድ ቀለም ስለሆነች ካልፈለጓት አትታይም። ልጁን አስጠራነውና ከየት እንዳገኛት ጠየቅነው። «ከቤታችን ጀርባ ካለችው ግራዋ ላይ ነው። መጀመሪያ ቅጠሏን ብቻ ልሥል ነበር። ስሥል ትሏ ተንቀሳቀሰች» አለን። ከዚያ በኋላ አራት ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት እየሄደ አይቷታል። በአምስተኛው ቀን ግን አጣት። «የት የሄደች ይመስላችኋል?» ብሎ ሦስታችንንም በየተራ አየን። አንዳችንም መልስ አልነበረንም።

አንደኛ ያደረግነው እሱን ነው፤ ሽልማቱም አንድ ፓኬት ከለር ነበር። እኔ ግን ከዚያ ቤት የወጣሁት ስለ ውድድር የነበረኝን ሐሳብ ለውጬ ነው። ቀድሞ ውድድር ሲባል የሚታየኝ ዋንጫና ጭብጨባ ነበር። አሁን የሚታየኝ ግራዋ ሥር ተንበርክኮ ቅጠል የሚያገላብጥ ልጅ ነው። ይህን ልጅ «ተፈጥሮን ውደድ» ብሎ የመከረው ሰው የለም። የተባለው «ሣልና አምጣ፤ ቀኑ ነሐሴ 28 ነው» ብቻ ነው። ለመሣል ማየት ነበረበት፣ ለማየት መጠጋት ነበረበት፤ እንዲህ ከተጠጋ በኋላ ያቺን ግራዋ ማንም መጥቶ በዋዛ የሚቆርጣት አይመስለኝም።

ይህን የምታነቡ ወጣቶች፣ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ናችሁ ብዬ ልወቅሳችሁ አልተነሣሁም። ወቀሳ ሰውን ከቤት ሲያወጣ አላየሁም። እልህ ግን ያወጣል። «እስቲ ማን ይበልጣል?» የሚል ጥሪ የተኛውን ያስነሣል። እኔም ይዤላችሁ የመጣሁት ይህንኑ ጥሪ ነው።

ከሩቁ ልጀምር። ለንደን የሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በየዓመቱ የሚያዘጋጀው የዱር ሕይወት ፎቶግራፍ ውድድር አለ። ውድድሩ ከተጀመረ ቆይቷል፤ መነሻው እ.ኤ.አ. 1965 ነው። ለልጆችና ለወጣቶች ሦስት ምድብ አለው፦ አሥር ዓመትና ከዚያ በታች፣ ከ11 እስከ 14፣ ከ15 እስከ 17። እ.ኤ.አ. በ2019 በመጨረሻው ምድብ ያሸነፈው ፎቶ የተነሣው እዚሁ እኛ ሀገር፣ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። አንድ ጣሊያናዊ ወጣት ከአባቱ ጋር መጥቶ፣ ጎህ ሲቀድ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ጭላዳዎቹን ይጠብቃል። አንዲት እናት የሳምንት ዕድሜ ያለውን ግልገሏን ሆዷ ላይ እንዳጣበቀች ከገደሉ ሥር ብቅ አለች። ከኋላዋ ያለው ተራራ ገና ጨለማ ነው። ልጁ ደብዘዝ ያለ ፍላሽ አብርቶ ጠጉሯን ከጨለማው ለየውና አነሣት።

ጭላዳ ከኢትዮጵያ በስተቀር በዓለም ላይ በዱር የሚኖርበት ቦታ የለም። ሌሊቱን ገደል ላይ ተጣብቆ ያድርና ሲነጋ ወደ ሜዳው ይወጣል፤ ቀኑን ሣር ሲነጭ ይውላል። ደባርቅ አካባቢ የሚያግድ እረኛ ይህን የሚያየው በቱሪስት ዐይን አይደለም፤ የዕለት ኑሮው ነው። የትኛው መንጋ በየትኛው ገደል እንደሚያድር፣ ሲደነግጡ ወዴት እንደሚሸሹ ያውቃል። ጣሊያናዊው ወጣት ማሸነፉ አያስቆጨኝም፤ ብርድ ላይ ተቀምጦ፣ ጠብቆ ያገኘው ድል ነው። የሚያስቆጨኝ ያ እረኛ ዐይኑ የጠገበውን ነገር ወደ ዓለም የሚያወጣበት መንገድ ያሳየው ሰው ማጣቱ ነው። ዕድሜያቸው 17 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ተወዳዳሪዎች ለዚህ ውድድር የመግቢያ ክፍያ አይጠየቁም። ይህን ዛሬ የሰማችሁ ሁሉ ነገ ለአንድ ልጅ ንገሩ፤ ካሜራ ያለው ሰው የምታውቁ እንደሆነ ደግሞ «ካሜራህን አውሰው» በሉት።

«ካሜራ የት አባቴ አገኛለሁ?» የሚለኝ ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ። ጥያቄው እውነት ነው። ግን የፈጠራ ውድድርን ተፈጥሮ መሃል ማድረግ ለእኛ ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም፤ ካሜራም ጠይቆን አያውቅም። የቅኔ ተማሪ ቅኔ የሚቆጥረው ከሰው ተለይቶ ነው። ዛፍ ሥር፣ ወንዝ ዳር፣ ቋጥኝ ላይ ተቀምጦ ያወጣል ያወርዳል። የቆጠረውን ይዞ ከመምህሩ ፊት ይቀርባል፣ ይነግራል፣ ይታረማል። ጓደኞቹ ይሰሙታል፤ የነሱንም ይሰማል። ዛሬ ያልቀናው ነገ ተመልሶ ወደዚያው ዛፍ ይሄዳል። ከዚህ የበለጠ የፈጠራ ማሠልጠኛ አላውቅም፤ መማሪያ ክፍሉ ደግሞ ጫካው ነው።

እንቆቅልሽም አለን። ያልመለሰ ሀገር የሚሰጥበት፣ ሀገር የተሰጠው ደግሞ የሚኮራበት ጨዋታ። ብዙዎቻችን የምንጫወተው አያቶቻችን ያወረሱንን ነው። አዲስ እንቆቅልሽ መፍጠር ግን ሌላ ደስታ አለው። አንድ ጊዜ ከእህቴ ልጆች ጋር ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሄደን ሳለ፣ የሳምንቱ ጨዋታ «ዛሬ በዐይናችሁ ካያችሁት ነገር አዲስ እንቆቅልሽ አውጡ» የሚል ነበር። ትንሿ ልጅ ከቅርንጫፍ ጫፍ የተንጠለጠሉ የቢጫ ወፎች ጎጆዎች ሥር ቆማ ለረጅም ጊዜ ወደ ላይ አንጋጠጠች። ማታ ራት ላይ «ቤቱ ከሰማይ የተሰቀለ፣ በሩ ከወለሉ የተከፈተ» አለች። ማንም አላወቀም። ሁላችንም ሀገር ሰጠናት። የእነዚያ ቢጫ ወፎች ጎጆ መግቢያው ከሥር መሆኑን እኔ በዚያ ዕድሜዬ ሁሉ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

እንቁጣጣሽ ደግሞ ከሁሉም ይቀርበናል። ሴቶች ልጆች ለምለም ሣርና አደይ ይዘው አበባየሆሽ ሲሉ፣ ወንዶች ልጆች ሥዕል ሥለው ከበር በር ሲያድሉ ያደግን ነን። አሁን በአንዳንድ ሰፈር የሚታደለው ሥዕል ከሱቅ የተገዛና በማሽን የታተመ ነው። እባካችሁ ይህን አንቀበል። ጠማማ ቢሆንም ልጁ በእጁ የሣለውን እንቀበል፣ ስለሱም ደህና ብር እንስጥ።

ወደ አደይ ልመለስ። በልጆቹ ወረቀቶች ላይ ያን ሁሉ ዓይነት አበባ ካየሁ በኋላ እኔም ራሴ ስንት ቅጠል እንዳላት እርግጠኛ አልነበርኩም። ዕድሜ ልኬን የዘፈንኩላት አበባ! መስከረም ሲጠባ አንዷን ይዤ በማጉያ መነጽር አየኋት። መሃሏ ላይ አንድ እብጠት የሚመስለው ነገር አንድ አይደለም፤ እያንዳንዷ ነጥብ ራሷን የቻለች ትንሽ አበባ ናት። ዙሪያዋን የከበቡት ቢጫ ቅጠሎችም እያንዳንዳቸው የአንድ አበባ አካል ናቸው። አንድ አደይ ብለን የምንቀጥፋት በእርግጥ ብዙ አበቦች ተሰብስበው የሠሯት ናት። ይህ ብቻ አይደለም፤ መንገድ ዳር ስንሄድ ሱሪያችን ላይ እየተሰካ የሚያስቸግረን የሰይጣን መርፌ የአደይ የቅርብ ዘመድ ነው። ይህን ሳውቅ እንደ ሕፃን ነው የፈነጠዝኩት። የቅጠሎቿን ቁጥር ግን አልነግራችሁም፤ ቆጥራችሁ እናንተ ትነግሩኛላችሁ።

ሌላ አንድ ውድድር አለ፤ ብዙ የማስበው ስለሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1995 ገጣሚው ሮበርት ሃስ እና ጸሐፊዋ ፓሜላ ማይክል «የቃላት ወንዝ» የሚል የልጆች የግጥምና የሥዕል ውድድር ጀመሩ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ልጆች የሚኖሩበትን የወንዝ ተፋሰስ ይወቁ፣ ከዚያ ስለሱ ይጻፉ ወይም ይሣሉ። ዝናቡ ከቤታችሁ ጣሪያ ወርዶ ወዴት ይሄዳል? ከተማ ውስጥ ያደገ ልጅ ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው እምብዛም ነው።

እኛ ለዚህ የሚሆን እንዴት ያለ ታሪክ አለን መሰላችሁ! አዲስ አበባ ያላችሁ ልጆች እንጦጦ ላይ ውጡ። ተራራው ውኃ ገማሽ ነው። በደቡብ በኩል፣ ወደ ከተማው የሚወርደው ጠብታ ከቀበና ወይም ከሌላው ጅረት ጋር ሆኖ አቃቂ ይገባል፣ ከአቃቂ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይቶ አያውቅም። ስምጥ ሸለቆውን ተከትሎ፣ ማሳ አጠጥቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያበቃል። በሰሜን በኩል፣ ወደ ሱሉልታ የወረደው ጠብታ ግን ሙገር ገብቶ፣ ከሙገር ዓባይ ገብቶ፣ ሱዳንንና ግብፅን አልፎ እስከ ሜዲትራኒያን ይጓዛል። ሁለት ጠብታዎች ከአንድ ደመና ወርደው፣ በአንድ ክንድ ርቀት ወድቀው፣ አንዷ በረሃ ስትቀር ሌላዋ ባሕር ትደርሳለች። ይህን ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ስጡትና «የአንዷን ጠብታ ታሪክ ጻፍ» በሉት። ለመጻፍ ሲል ካርታ ይገልጣል፣ አባቱን ይጠይቃል፣ ቀበና ድልድይ ላይ ቆሞ ወደ ታች ያያል። ሲያይ ላስቲኩንም ያያል፣ የቆሻሻውን ሽታም ያሸታል። ያን ጊዜ ጥያቄው የራሱ ይሆናል።

እዚህ ላይ ለውድድር አዘጋጆች አንድ ነገር በግልጽ እላለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ትምህርት ቤት የግጥም ውድድር ላይ ተገኝቼ ነበር። ርዕሱ «ተፈጥሮን እንጠብቅ» ነው። ዐሥራ ስምንት ግጥሞች ቀረቡ፤ አሥራ ሰባቱ «አረንጓዴ» እና «ለትውልድ» በሚሉት ቃላት የተሞሉ ናቸው። አንድ ልጅ ብቻ ከቤታቸው በታች ስለሚያልፈው ወንዝ ጻፈ። ክረምት ላይ ወንዙ ሲሞላ የማን ጫማ፣ የማን ባልዲ፣ የማን የሞተ ውሻ ተንሳፍፎ እንደመጣ ጻፈ። ዳኞቹ «ተስፋ የለውም» ብለው ጣሉት። እኔ ግን ከዚያ ልጅ በላይ ተስፋ የሚጣልበት ገጣሚ በዚያ አዳራሽ ውስጥ አላየሁም፤ ወንዙን ያየው እሱ ብቻ ነበርና። አዘጋጆች ሆይ፣ ርዕሳችሁን አጥብቡት። «ተፈጥሮ» አትበሉ፤ «ከቤትህ እስከ ትምህርት ቤትህ ያለው መንገድ ላይ ያለ አንድ ዛፍ» በሉ። «ወፎች» አትበሉ፤ «ጠዋት የሚቀሰቅስህ ወፍ» በሉ። ሀገራችን ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ተመዝግቧል። ምንቃሩ ወፍራም፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ ሥጋ ቤት አካባቢ የምናየው ያ ትልቅ ቁራ እንኳ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ የትም አይገኝም። የውጭ ሀገር ወፍ ተመልካቾች እሱን ለማየት አውሮፕላን ተሳፍረው ይመጣሉ። እኛ ድንጋይ እንወረውርበታለን። ርዕሱ ጠበብ ሲል ልጁ መፈክር መኮረጅ አይችልም፤ ወጥቶ ማየት የግድ ይሆንበታል።

ሥዕል የማይሆንለት ደግሞ ሞልቷል። ሞክሮ ሞክሮ እጁ እምቢ ያለው። ለሱ ስልኩ ራሱ መሣሪያ ነው፤ ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ የግቢውን የወፍ ድምፅ አንድ ደቂቃ ይቅዳ። ማን ብዙ ዓይነት ድምፅ ሰበሰበ ብላችሁ መወዳደር ትችላላችሁ። የወደቀ ቅጠል ሰብስቦ፣ መጽሐፍ ውስጥ አድርቆ፣ ስሙን ከአያቱ ጠይቆ መጻፍም ውድድር ነው። ግራዋ፣ ወይራ፣ ብሳና፣ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ኮሶ፣ ዳማከሴ፣ ጤና አዳም፦ አያቶቻችን ከነጥቅማቸው የሚያውቋቸውን ከእኛ መሃል ስንቱ አይቶ ይለያል? እማማ ወይም አባባ ዘንድ ቅጠል ይዞ የሚሄድ ልጅ ስም ብቻ ይዞ አይመለስም፤ ታሪክ ይዞ ይመለሳል።

መሸነፍን በተመለከተ እነዚያን ቢጫ ወፎች እንደገና ላንሣቸው። ጎጆውን የሚሠራው ወንዱ ነው። ሣሩን እየሰነጠቀ፣ በምንቃሩ እየቋጠረ ይሸምናል። ሲጨርስ ከሥሩ ተንጠልጥሎ ክንፉን እያራገበ ሴቷን ይጠራል። ትመጣለች፣ ገብታ ትመረምራለች፣ ካልወደደችው ትታው ትሄዳለች። ደጋግሞ ካልተሳካለት ያንኑ የለፋበትን ጎጆ በገዛ ምንቃሩ አፍርሶ አዲስ ይጀምራል። ወጣት ወፎች መጀመሪያ የሚሠሩት ጎጆ የተዝረከረከ ነው፤ እየሠሩ ነው የሚያምርላቸው። ሦስት ጊዜ ተወዳድራችሁ ስማችሁ ካልተጠራ፣ አንድ ጠዋት ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ሐይቅ ዳር ሄዳችሁ ተመልከቷቸው። እጃችሁ ላይ ያለው የሦስት ጊዜ ልምምድ ነው፤ ማንም አይወስድባችሁም።

ወላጆች ደግሞ የልጃችሁን ሥዕል አታስተካክሉ። ቅጠሉ ጠማማ ከሆነ፣ አይቶት የሣለው ቅጠል ጠማማ ይሆናል። ይልቅ አብራችሁት ተንበርከኩ፤ ትሏን ያሳያችሁ።

ትልቅ ድርጅት ስፖንሰር እስኪያደርግ መጠበቅ አያስፈልግም። የዘንድሮን እንቁጣጣሽ አታሳልፉት። ጳጉሜን ሳትገባ አንድ ነጭ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኮንዶሚኒየሙ መግቢያ፣ የሰፈሩ ሱቅ በር ወይም የሰንበት ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፦ «ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ሁሉ መወዳደር ይችላል። በዐይኑ ያየውን አንድ ተክል፣ አንድ ነፍሳት ወይም አንድ ወፍ ይሣል፣ ይጻፍ፣ እንቆቅልሽ ያውጣለት። ከሌላ ሥዕል የተገለበጠ አይቆጠርም። ከሥራው ጋር የት ቦታ፣ በስንት ሰዓት እንዳየው ይጻፍ።» ለሽልማት ከየቤቱ ጥቂት ጥቂት ብር ተሰብስቦ ደብተርና ከለር ይገዛል፤ ለዳኝነት አንድ ሰዓሊ ወይም የባዮሎጂ መምህርና አንዲት ዕፅዋት የሚያውቁ እናት ይበቃሉ። አደይ አበባ ለሚሥሉ ተጨማሪ አንድ ደንብ አለ፤ ቅጠሎቿ ተቆጥረው ይሣሉ። ሥራዎቹ የሚሰበሰቡት መስከረም 15 ማታ ነው። በማግስቱ ሰፈሩ ለደመራ ሲወጣ ሁሉም በገመድ ተሰቅለው ይታዩ።